የጎረቤት ድል ያልበቃቸው ይድነቃቸው ተሰማ

የጣና ሞገዶቹና ዐፄዎቹ ተጋጥመው በተለያዩ ማግስት በባሕር ዳርም ሆነ በጎንደር ቡና ቤቱ ሁሉ የአሠልጣኞች ጉባኤ ይመስላል። ሬዲዮውን ከማሳው ዳር ሰቅሎ ጨዋታውን ያዳመጠ አርሶ አደርም ለገበያ ከተማ ሲገባ ከክርክሩ አይቀርም። የተሸናፊዎቹ ንግግር አጭር ነው፤ ዳኛውን ወይም ዕድላቸውን አማርረው ይነሣሉ። ረጅሙ ክርክር ያሸናፊዎቹ ነው። ቡድኑ የረታው በእርግጥ አቋሙ ተስተካክሎ ነው ወይስ ጎረቤቱ ደካማ ቀን ገጥሞት? አንዱ ውጤቱን ደጋግሞ ይጠራል። ሌላው የመጪውን ሳምንት ተጋጣሚ ስም ያነሣና የጓደኛውን ደስታ ያቀዘቅዝበታል።

በኢትዮጵያ እግር ኳስ ታሪክ ይህን ጥያቄ እንደ ይድነቃቸው ተሰማ ዕድሜ ልኩን የተሸከመ ሰው ማግኘት ይከብዳል። በተጫዋችነት የከተማቸውን ባላጋራ አሸንፈዋል፤ በአሠልጣኝነት የአፍሪካን ዋንጫ አንሥተዋል፤ በመሪነት ደግሞ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ የአህጉሩን እግር ኳስ መርተዋል። በየደረጃው ግን የቡድናቸውን አቅም ይለኩ የነበሩት ከጎረቤት በራቀ ሚዛን ነው።

ይድነቃቸው የተወለዱት በዕንቁጣጣሽ ዕለት፣ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም በጅማ ነው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በቅኔያቸውና በማሲንቋቸው ስማቸው የገነነ፣ ገና በ1900ዎቹ መጀመሪያ ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ ሰው ነበሩ። በሸክላ የተቀረጸ የኢትዮጵያዊ ዘፈን ታሪክ የሚጀምረውም ከእርሳቸው ነው። ልጅየው ግን ከአባታቸው ማሲንቋ ይልቅ ኳስን መረጡ። በአዲስ አበባ የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተማሪ ሳሉ ኳስ መጫወት ከትምህርት ቤቱ ግቢ አልፎ ወደ ሠፈር እየወጣ ነበር።

በ1928 ዓ.ም በአራዳ ልጆች መካከል የቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን ሲመሠረት ይድነቃቸው የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ናቸው። ቡድኑን ለመመሥረት ከተነሡት መካከል አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ ስማቸው ይጠራል። ይድነቃቸውም ከመጀመሪያዎቹ ተጫዋቾች አንዱ ሆኑ። ዘመኑ ለኳስ የሚመች አልነበረም። የጣሊያን ጦር ከሰሜንና ከምሥራቅ ድንበሩን ጥሶ በመግፋት ላይ ነበርና በዚያው ዓመት ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ በጠላት እጅ ገባች።

የፋሺስት አስተዳደር ኳስን አልከለከለም፤ ከፋፈለው እንጂ። ጣሊያናዊው ከጣሊያናዊ፣ ሐበሻው ከሐበሻ ብቻ እንዲጫወት ተወሰነ። ነጭና ጥቁር በአንድ ሜዳ እንዳይጋጠሙ የተደረገበት ምክንያት ለማንም ግልጽ ነው፤ ተጋጥመው ጥቁሩ ቢያሸንፍ የገዢው የበላይነት ተረት በዘጠና ደቂቃ ውስጥ ይፈርሳል። የቡድኖቹ ስምም ተቀየረ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ሊቶሪዮ ውቤ ሠፈር እንዲባል ተገደደ። ስሙ ይቀየር እንጂ ማን እንደሚጫወት የሠፈሩ ሰው ያውቃል። ይድነቃቸው ከልጅነት ወደ ወጣትነት የተሻገሩት በእነዚህ አምስት የባዕድ አገዛዝ ዓመታት ውስጥ፣ በተውሶ ስም እየተጫወቱ ነው። ኋላ በዓለም መድረክ ላይ ያሳዩትን እልህ ለመረዳት ይህን ጊዜ ማስታወስ ይገባል።

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም ነጻነት ሲመለስ ቡድኑም ስሙን አስመለሰ። አዲስ አበባ ያኔ የብዙ ማኅበረሰቦች ከተማ ነበረች። ጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ የሚባል ቡድን ነበራቸው፤ አርመኖቹ አራራት፣ ግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ በአገሩ የነበሩት የእንግሊዝ የጦር ልዑካንም የራሳቸው ቡድን ነበራቸው። እያንዳንዱ ጨዋታ የአንድ ከተማ ልጆች ግጥሚያ ነው፤ ባለ ሱቁና ደንበኛው፣ ሠራተኛውና አሠሪው በተቃራኒ ወገን ይቆማሉ። ከሁሉም በላይ የሚጠበቀው ግን ቅዱስ ጊዮርጊስ ከፎርቲቱዶ የሚያደርጉት ነበር። ትናንት በአንድ ሜዳ መቆም የተከለከሉ ሁለት ወገኖች ዛሬ እኩል አሥራ አንድ አሥራ አንድ ሆነው ተሰለፉ። ቅዱስ ጊዮርጊስ አሸነፈ። በዛሬ ቋንቋ ደርቢ የምንለው ይህ ነው፤ ሆኖም ከዚያ ወዲህ የተደረገ የትኛውም የከተማ ደርቢ ይህን ያህል ዕዳ የተሸከመ አይመስልም።

ፎርቲቱዶን መርታት አንድ ነገር ነው፤ ዋንጫ ማንሣት ግን ሌላ ሆነ። በ1936 ዓ.ም አምስቱ ቡድኖች የተሳተፉበት የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሻምፒዮና ሲደረግ አሸናፊው የእንግሊዝ የጦር ልዑካን ቡድን ነበር። ቅዱስ ጊዮርጊስ የመጀመሪያውን የሻምፒዮና ዋንጫ እስኪያነሣ 1942 ዓ.ም መድረስ ነበረበት። የጎረቤት ድልና የቡድን ጥንካሬ አንድ እንዳልሆኑ ይድነቃቸው የተማሩት በወረቀት አይደለም፤ ራሳቸው ሮጠው ነው።

በሃያ ሦስት ዓመት የተጫዋችነት ዘመናቸው ለቅዱስ ጊዮርጊስ 365 ጊዜ ተሰልፈው 318 ግቦችን እንዳስቆጠሩ ይነገርላቸዋል። ከአንድ ክለብ ሌላ አላወቁም። ዛሬ ተጫዋች በየዓመቱ መለያ በሚቀይርበት ጊዜ ይህ ቁጥር ለወጣቶች ተረት ይመስላል። በብሔራዊ ቡድንም ተጫውተዋል። ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ ጨዋታዋን በ1940 ዓ.ም ያደረገችው ያኔ የፈረንሳይ ሶማሌላንድ ትባል ከነበረችው ጅቡቲ ጋር ሲሆን 5 ለ 0 አሸንፋለች። ጅቡቲም ጎረቤት ናት፤ ውጤቱም የሚያኮራ ነበር። ያ ድል ምን ያህል እንደሚመዝን ግን ገና አልታወቀም።

የታወቀው በ1949 ዓ.ም ነው። በዚያ ዓመት በየካቲት ወር ኢትዮጵያ፣ ግብፅ፣ ሱዳንና ደቡብ አፍሪካ በካርቱም ተሰብስበው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን፣ ዛሬ በአጭሩ ካፍ የምንለውን፣ መሠረቱ። ይድነቃቸው ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። ወዲያውኑ የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ሊጀመር ሲል ደቡብ አፍሪካ የምትልከው ቡድን ወይ ነጭ ብቻ ወይ ጥቁር ብቻ እንደሚሆን አስታወቀች። የተቀላቀለ ቡድን አታሰልፍም። በጣሊያን ዘመን በተለየ ሜዳ እንዲጫወት ለተፈረደበት የአራዳ ልጅ ይህ አዲስ ነገር አልነበረም። ደቡብ አፍሪካ ከውድድሩ ተሰረዘች፤ ከእርሷ ጋር ልትጋጠም የነበረችው ኢትዮጵያም ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈች።

በፍጻሜው ግብፅ ኢትዮጵያን 4 ለ 0 አሸነፈች። ከሁለት ዓመት በኋላ በካይሮ በተደረገው ሁለተኛው ዋንጫ ግብፅ እንደገና 4 ለ 0 ረታች፤ ሱዳንም 1 ለ 0። ሦስት ጨዋታ፣ ዘጠኝ የተቆጠረባት ግብ፣ አንድም ያላስቆጠረች ኢትዮጵያ። በአዲስ አበባ እርስ በርስ ሲሸናነፉ የኖሩት ቡድኖች ምርጥ ልጆች በአህጉሩ ሚዛን ላይ ሲቀመጡ ክብደታቸው ይኸው ነበር። ብዙ አገር እንዲህ ያለ ውጤት ሲገጥመው ወደ ቤቱ ተመልሶ ጎረቤቱን ማሸነፍ ይመርጣል። ኢትዮጵያ ግን ሦስተኛውን ዋንጫ ለማዘጋጀት ተነሣች፤ ቡድኑን የማሠልጠን ኃላፊነትም በይድነቃቸው ላይ ወደቀ።

ይድነቃቸው ያሰባሰቧቸው ተጫዋቾች ከአዲስ አበባ፣ ከአስመራና ከድሬዳዋ የመጡ ነበሩ። በአገር ውስጥ ሻምፒዮና ዓመቱን ሙሉ እንደ ባላጋራ የሚተያዩ፣ ደጋፊዎቻቸውም እርስ በርሳቸው የሚበሻሸቁ ናቸው። ግርማ ተክሌ፣ የቅዱስ ጊዮርጊሱ መንግሥቱ ወርቁ፣ ወንድማማቾቹ ሉቻኖና ኢታሎ ቫሳሎ በአንድ መለያ ተሰለፉ። አምበሉ ሉቻኖ ነበር፤ አባቱ ጣሊያናዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት።

ጥር 6 ቀን 1954 ዓ.ም በግማሽ ፍጻሜ ቱኒዚያ ገና ከጅምሩ 2 ለ 0 መራች። የቀደሙት ሦስት ሽንፈቶች በተመልካቹ አእምሮ ውስጥ ሳይመላለሱ አልቀሩም። ቡድኑ ግን አልተሰበረም፤ አራት ግብ አስቆጥሮ 4 ለ 2 አሸነፈ። በፍጻሜው የሚጠብቀው ያው የሚታወቀው ባላጋራ፣ በዚያን ጊዜ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችው ግብፅ ነበረች። ሁለቱንም የቀደሙ ዋንጫዎች የወሰደችው እርሷ ናት።

የፍጻሜው ቀን እሑድ ጥር 13 ሆነ። ከተማዋ ጥምቀትን አክብራ፣ በማግስቱ ቃና ዘገሊላን ውላ፣ ገና ከበዓል ስሜት ሳትወጣ ወደ ስታዲየሙ ጎረፈች። ንጉሠ ነገሥቱም በክብር ቦታቸው ተገኝተዋል። በ35ኛው ደቂቃ የግብፁ ባዳዊ ግብ አስቆጠረ። ከዚያ በኋላ ሰዓቱ እየነጎደ እስከ 74ኛው ደቂቃ ምንም አልተለወጠም። ግርማ ተክሌ አቻ የምታደርገውን ግብ ሲያስቆጥር ሕዝቡ ተነሣ፤ ሳይቀመጥ ግን ባዳዊ በአንድ ደቂቃ ልዩነት እንደገና አገባ። እንዲህ ያለ ግብ ቡድን ይገድላል። በ84ኛው ደቂቃ አምበሉ ሉቻኖ ውጤቱን 2 ለ 2 አደረገው። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ በ101ኛው ደቂቃ አገሩን ለመጀመሪያ ጊዜ መሪ አደረገ፤ በ117ኛው ደቂቃ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን ጨምሮ ነገሩን ጨረሰው።

ሁለት ጊዜ አራት ግብ ያገባባቸውን ቡድን አራት አግብተው አሸነፉ። ዋንጫውን ከዐፄ ኃይለ ሥላሴ እጅ የተቀበለው የጣሊያን ስም ያለው የኢትዮጵያ አምበል ነበር። ከነጻነት ከሃያ ዓመት ጥቂት ቢበልጥ ነው። ስለ ፎርቲቱዶ ጨዋታ የሚያስታውሱ ሰዎች በዚያ ስታዲየም ውስጥ ብዙ እንደነበሩ መገመት አያስቸግርም። ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣችው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ የይድነቃቸው ሥራ ከሜዳው ይልቅ በስብሰባ አዳራሽ ሆነ፤ የእልሁ ምንጭ ግን አልተለወጠም። ፊፋ ደቡብ አፍሪካን በመስከረም 1954 ዓ.ም አገደ፤ ከአንድ ዓመት ጥቂት ከፍ ባለ ጊዜ በእንግሊዛዊው ስታንሊ ሩስ ፕሬዚዳንትነት መልሶ አስገባት። አፍሪካውያኑ ተቃውሟቸውን ቀጥለው በ1957 ዓ.ም በቶኪዮ ጉባኤ እንደገና አሳገዷት፤ በ1968 ዓ.ም ደግሞ ጨርሳ ተባረረች። በዚህ ሁሉ ጉዞ የኢትዮጵያዊው ድምፅ ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነበር።

በ1958 ዓ.ም በእንግሊዝ ለተደረገው የዓለም ዋንጫ የተመደቡት ቦታዎች አሥራ ስድስት ሲሆኑ ለአፍሪካ፣ ለእስያና ለኦሽንያ በጋራ የተሰጠው አንድ ብቻ ነበር። የአፍሪካ አገሮች ይህን አንቀበልም ብለው ከማጣሪያው ወጡ፤ ጋናና ኢትዮጵያ በዚህ እርምጃ ፊት ለፊት ነበሩ። ዋጋው ቀላል አልነበረም። አንድ የተጫዋቾች ትውልድ ዓለም ሊያየው ሲገባ ሳያየው ቀረ። ነገር ግን በቀጣዩ ውድድር አፍሪካ የራሷን ቦታ አገኘችና በ1962 ዓ.ም ሞሮኮ ወደ ሜክሲኮ ተጓዘች። በ1974 ዓ.ም በስፔን ደግሞ አልጄሪያና ካሜሩን ሁለት ሆነው ሄዱ። ዛሬ በየመንደሩ የአፍሪካ ቡድኖችን በዓለም ዋንጫ የሚመለከት ወጣት የሚያየው ያ አድማ የወለደውን ነው።

ይድነቃቸው በ1964 ዓ.ም የካፍ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም በዚያው ቆዩ። በፊፋ ሥራ አስፈጻሚና በዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴም አባል ነበሩ። በእርሳቸው ዘመን የአፍሪካ የዋንጫ አሸናፊ ክለቦች ውድድር ተጀመረ። መንግሥት ተለውጦ ንጉሡ ወርደው ደርግ ሲመጣም በኃላፊነታቸው ቀጠሉ፤ ይህ በዚያ ዘመን ለብዙዎች ያልተቻለ ነገር ነው።

ሁሉም አቋማቸው ግን ጊዜን አሸንፎ አልዘለቀም። የአልኮልና የሲጋራ ኩባንያዎች ስማቸውን በአፍሪካ ኳስ ላይ እንዳይለጥፉ ይከላከሉ ነበር፤ የአህጉሩ ምርጥ ልጆች ወደ አውሮፓ ክለቦች መፍለሳቸውንም አጥብቀው ይቃወሙ ነበር። ሐሳባቸው ክብር ነበረው። ነገር ግን ገንዘብ የሌለው ክለብ ተጫዋቹን በምን ያቆየዋል? ፍልሰቱ በእርሳቸው ዘመን አልቆመም፤ ከእርሳቸው በኋላማ ጎርፍ ሆነ። ደግሞም አህጉሩን በሚመሩበት ጊዜ የገዛ አገራቸው ቡድን ቁልቁል እየወረደ ነበር። ኢትዮጵያ በ1968 ዓ.ም ዋንጫውን አዘጋጅታ ሞሮኮ ወሰደችው። በ1974 ዓ.ም በሊቢያ ከተሳተፈች በኋላ ደግሞ ከመድረኩ ጠፋች። በአገር ውስጥ የደርቢ ጭፈራው ደምቆ ሲቀጥል፣ ብሔራዊ ቡድኑ ለማጣሪያ ሲወጣ ተሸንፎ ይመለስ ነበር። የሠፈር ድልና የአህጉር ሚዛን እንደገና ተራራቁ።

ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም፣ በቡሄ ዕለት፣ ይድነቃቸው ተሰማ በካንሰር ሕመም በስድሳ አምስት ዓመታቸው አረፉ። የካፍን ወንበር ከእርሳቸው በኋላ የካሜሩኑ ኢሳ ሃያቱ ለረጅም ዓመታት ያዙት።

ኢትዮጵያ ወደ አፍሪካ ዋንጫ እስክትመለስ ሠላሳ አንድ ዓመት ፈጀባት። የተመለሰችውም ደቡብ አፍሪካ ባዘጋጀችው ውድድር ነው፤ ይድነቃቸው ነጭና ጥቁር በአንድ ቡድን እስኪሰለፉባት ድረስ ከሜዳ እንድትርቅ ዕድሜያቸውን ሙሉ የታገሉላት አገር። የመጀመሪያ ጨዋታዋን ያደረገችው ከዋንጫው ባለቤት ከዛምቢያ ጋር ነበር። ዕለቱ ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም ሲሆን ከአዲስ አበባው ፍጻሜ ልክ ሃምሳ አንድ ዓመት ይሆነዋል። ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጥቶ ቡድኑ በአሥር ሰው ቀረ፤ ዛምቢያም ቀድማ አገባች። በሁለተኛው አጋማሽ አቻ የምታደርገውን ግብ ያስቆጠረው አዳነ ግርማ ነበር፤ ክለቡም ቅዱስ ጊዮርጊስ።